ሆድ የማይፈጀው

ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ፣ ኮሌራ መተማ በገባበት ሰሞን ነው። ከድንበሩ ብዙም ሳይርቅ በተተከለ የሕክምና ድንኳን ውስጥ ተረኞቹ አምስት ነን፤ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ጤና መኮንን፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ እንዲሁም ከአረብኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉምልን የ19 ዓመት ልጅ። የክሎሪኑ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አንዲት ሱዳናዊት እናት ሕፃኗን በቶቧ ጠቅልላ ገባች። ሆዱን ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ሪንገር የሚባለውን ፈሳሽ ይዘን የደም ሥር ፍለጋ ገባን። ከእጁ አጣን፣ ከእግሩ አጣን፣ ከራሱ ላይ አጣን። እናቲቱ አንድ ነገር እየደጋገመች ትናገራለች። ልጁ ይተረጉማል፦ «ትናንት ይሮጥ ነበር ነው የምትለው።» እንደገና ተናገረች። «ትናንት ይሮጥ ነበር።» አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። በቃህ የሚለው ስላልነበረ መተርጎሙን አላቆመም።

ሕፃኑ ሲያልፍ ለእናቲቱ የሚነግር ሰው አስፈለገ። ጤና መኮንኑ አማርኛውን ተናገረ፤ አረብኛውን ያወጣው ግን ያ ልጅ ነው። ፊቷን እያየ የነገራት እሱ፣ ትከሻውን ይዛ የጮኸችውም በእሱ ላይ ነው። በእኛ አገር መርዶ የሚነግር ሰው ተመርጦ ነው የሚላከው። ዕድሜ የጠገበ፣ ቃል የሚያውቅ፣ ብቻውን የማይሄድ። ለዚያ ልጅ ግን በዚያ ሌሊት ዕድሜውን የጠየቀው የለም።

ለምን ይህን አነሳሁ? ከገዳሪፍ እስከ ሐምዳይት፣ ከጋላባት እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው መስመር ላይ ሰው የሚያክሙ፣ ሰው የሚያጥቡ፣ ሰው የሚቀብሩ ሰዎች እያለቁ ነው። የማለቃቸው ወሬ የማይሰማው ስለማይሞቱ ነው። እየሠሩ ነው የሚያልቁት። ለእነሱ ያዘጋጀነው ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ዝምታ ነው። ሌላው «ዲብሪፊንግ» የሚል ስም ተለጥፎበት፣ አንዳንዴ ከዝምታው የሚብስ የግዳጅ ስብሰባ ነው። ሁለቱም ዛሬ መቆም አለባቸው ብዬ ነው ደወሉን የምደውለው።

ይህ መስመር ያላየው የለም። በ1977 ዓ.ም. የረሃቡ ዓመት ከትግራይና ከጎንደር የፈለሰው ሕዝብ በገዳሪፍ ዙሪያ ሲሰፍር ኡም ራኩባ ከመጠለያዎቹ አንዱ ነበረ። ሱዳኖች ራኩባ የሚሉት በሣር የተሸፈነ ጥላ ነው፤ እኛ ዳስ የምንለው። ቤተ እስራኤላውያን በኦፕሬሽን ሙሴ ወደ እስራኤል እስኪወሰዱ ድረስ የቆዩት በዚያና በገዳሪፍ ዙሪያ በነበሩ ሌሎች መጠለያዎች ነው፤ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ወደ 4,000 ይገመታሉ። ኡም ራኩባ ተዘግቶ፣ ሣር በቅሎበት፣ ሰው ረስቶት ከኖረ በኋላ በኅዳር 2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። የሰሜኑ ጦርነት በተነሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገረው ከ60 ሺህ በላይ ነበር። ኡም ራኩባ ሲሞላ ቱናይድባህ ተከፈተ። ቆየት ብሎ ደግሞ ቅማንቶች ከጭልጋና ከመተማ ዙሪያ ሸሽተው ገዳሪፍ ገቡ።

ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ማይካድራ ላይ የሆነውን የጅምላ ግድያ አንባቢ ያውቃል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የተገደሉትን ቢያንስ 600 ብሎ ነበር፤ አብዛኞቹም አማሮች እንደነበሩ። የተረፉት ቁስለኞች ጎንደር ሆስፒታል ገቡ። ከዚያው ከተማ የሸሹ ትግራዋይ ደግሞ ሱዳን ተሻግረው የራሳቸውን ግድያ ተረኩ። ማን ምን አደረገ የሚለውን ፍርድ ቤትና ታሪክ ይጨርሱት። እኔን የያዘኝ በሁለቱም ወገን ቁስል ስታጥብ ያደረች ነርስ ናት። ማጠቡ ከስምንት ሰዓት በኋላ ያበቃል። የሰማችው ግን ከጋውኗ ጋር አይወልቅም።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት፣ ትናንት እኛ ወደ እነሱ የተሻገርነውን ድንበር እነሱ በጋላባት በኩል ወደ እኛ ተሻገሩት። በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተሠራ። መጠለያዎቹ የነበሩበት የአማራ ክልል ራሱ ጦርነት ውስጥ ስለነበረ የአውላላ ስደተኞች ዝርፊያና ጥቃት መሯቸው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ካምፑን ጥለው ጫካ ዳር ወጡ። ሱዳን ውስጥ ደግሞ ወድ መደኒ በታኅሣሥ 2016፣ ሲንጃ በሰኔ 2016 ሲወድቁ ሕዝቡ የሮጠው ወደ ገዳሪፍ ነው። ትምህርት ቤቱ ሁሉ መጠለያ ሆነ። ኮሌራ በመስከረም 2016 ገዳሪፍ ላይ በይፋ ታወጀ፤ ቆይቶም ተመለሰ። በሚያዝያ 2016 ድሮን ከተማዋን መታ። ይህ ሁሉ ሲሆን ካላዛር የሚባለው በሽታ እንደ ጥንቱ አለ። የሰሊጥ አጨዳ ሠራተኛውን ከገዳሪፍም ከሑመራም ከመተማም እየለቀመ ይጥላል።

ሌላ ቦታ ብዙም የማይታይ ነገር እዚህ አለ፤ ሐኪሙና ታካሚው በአንድ መንገድ የመጡ ናቸው። ገዳሪፍ ላይ መርፌ የሚወጋው ከካርቱም ወይም ከመደኒ የተፈናቀለ ነው፣ ብዙ ወር ደመወዝ ያላየ ነው፣ የራሱ ዘመዶች የት እንዳሉ አያውቅም። በሐምዳይት ክሊኒክ የሱዳን ቀይ ጨረቃ ባልደረቦች አጠገብ ያክሙ የነበሩት ዶ/ር ቴዎድሮስ ተፈራ ራሳቸው ከሑመራ የተሰደዱ ቀዶ ሐኪም ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ፣ ሰቲት ብለን የምንጠራው የተከዜ ወንዝ አስከሬን ይዞ ሲወርድ፣ አንዳንዱም እጁ የፊጥኝ እንደታሰረ፣ ለዓለም ጋዜጠኞች የነገሩት እሳቸው ነበሩ። ከውኃ አውጥተው የቀበሩት ግን ስደተኞችና የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ዜናው ስለ ሟቾቹ ተጻፈ፤ ተገቢም ነው። ከውኃ የጎተቷቸው ልጆች ያን ሌሊት የት አደሩ? ማን እራት ሰጣቸው? በሳምንቱ ማን ጠየቃቸው?

ዝምታው አማርኛ ይናገራል። «ሆድ ይፍጀው» ይላል። ጥሩ አባባል ነው፤ ለጎረቤት ሐሜት፣ ለቤተሰብ ምስጢር፣ ለትንሽ ቅያሜ። ሆድ ያን ሁሉ ይፈጃል። የሕፃን ጭንቅላት ላይ የደም ሥር ፈልጎ ማጣትን ግን አይፈጅም። በእኛ ሙያ ደግሞ ዝምታው ማዕረግ አለው። የማታለቅስ ነርስ «ጠንካራ» ናት። ከሞተ ታካሚ አልጋ ተነስቶ ወደ ቀጣዩ የሚሄድ ሐኪም «ልምድ ያለው» ነው። አንዳንዴ እውነትም ሥራው ሌላ ጊዜ አይሰጥም፤ ድንኳኑ ሞልቷል። ችግሩ ድንኳኑ ሲጎድልም ሰዓቱ አለመመለሱ ነው።

ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ድሮ ታካሚ ሲያጫውት የነበረ ሰው መሳደብ ይጀምራል። ካርዱን ሦስት ጊዜ አንብቦ የመድኃኒቱን መጠን ይስታል። ልጇ የሞተባት እናት ተኝታበት የነበረውን አልጋ ዞሮ ይሸሻል። ከዱቲ ወጥቶ ቤቱ አይገባም። ከሁሉ የከፋው ቀስ ብሎ ከፋርማሲው የሚወጣው ዲያዜፓም ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲል መድኃኒቱ እጅ ላይ አለ፤ ጠያቂም የለም። እዚህ ላይ አንድ ደወል ለብቻው ልደውል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለድንጋጤውም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣቱ ዲያዜፓምና ዘመዶቹ ለአዋቂ እንዳይሰጡ መክሯል። ለታካሚዎቻችን የማንሰጠውን ለራሳችን እየዋጥን ነው።

አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ። የዚያች ሌሊት ነገር ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ ከከተማ አንድ አሠልጣኝ መጣ። ደግ ሰው ነበር፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ፍሊፕ ቻርት ይዞ፣ ወንበሩን ክብ አድርጎ፣ አምስታችንንም ከሌላው ፈረቃ ጋር ቀላቅሎ አስቀመጠን። «እያንዳንዳችን ያየነውን ሁሉ፣ የከበደንን ምስል፣ የተሰማንን እንናገራለን። የሚዘል የለም» አለ። ተራ በተራ ሄደ። አንዷ ባልደረባዬ እኔ ያላየሁትን ነገር ተናገረች፤ እስከ ዛሬ እኔም ያየሁት ይመስለኛል። ተራው ለተርጓሚው ደረሰ። ልጁ አሠልጣኙን ቀና ብሎ አየና «የኔን ነው ወይስ የእሷን?» አለ።

መልስ አልነበረንም። ተነስቶ ወጣ። በማግስቱ ለሥራ አልመጣም።

ይህ የአንድ አሠልጣኝ ስንፍና ቢሆን ባልጻፍኩት። ዘዴው የራሱ ታሪክ አለው። ጄፍሪ ሚቼል የሚባሉ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኛ የነበሩ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ አደጋ ጊዜ ሠራተኞች ውጥረት ጽፈው በሰባት ደረጃ የሚሄድ የቡድን ውይይት ቀረጹ። ፍሬ ነገሩ፣ ሰው ከድንጋጤው በኋላ በቶሎ ያየውንና የተሰማውን ቢናገር ቁስሉ አይመረቅዝም የሚል ነበር። ሐሳቡ ለጆሮ ይጥማል። ዓለም ወዲያው ተቀበለው፤ ከአምቡላንስ አልፎ ለባንክ ዝርፊያ ተጎጂ፣ ለመኪና አደጋ፣ ለቃጠሎ ታካሚ ሁሉ ተዳረሰ።

ኋላ መመዘን ሲጀመር ሌላ ነገር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1997 በዌልስ፣ ካርዲፍ፣ በቃጠሎ የተጎዱ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን አንድ ጊዜ ዲብሪፊንግ ሰጡ፣ ለሌላው ምንም አልሰጡም። ከ13 ወር በኋላ የድኅረ አደጋ ጭንቀት ሕመም የተገኘው ከተናገሩት ውስጥ በ26 ከመቶው፣ ካልተናገሩት በ9 ከመቶው ነው። ለፍትሕ ያህል፣ የተናገሩት ገና ከጅምሩ ቃጠሎአቸው የከፋ ነበር፤ ልዩነቱ ሁሉ የንግግሩ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ያው ጥያቄ በሌሎች ጥናቶች ተደጋገመ። ጥናቶቹን ያጠቃለለው የኮክሬን ግምገማም እ.ኤ.አ. በ2002፣ የአንድ ጊዜ ዲብሪፊንግ ሕመሙን እንደማይከላከልና ግዳጁ እንዲቀር አስታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም ይኸው አቋም አለው፤ በምትኩ የሚያቀርበው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ የሚባለውን ነው።

ጥናቶቹ አብዛኛው በታካሚ ላይ እንጂ አብሮ በሚሠራ ቡድን ላይ የተሠሩ አይደሉም የሚል ክርክር አለ። እቀበለዋለሁ። ከአንድ ሌሊት አብረው የወጡ ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው። የተለየ መሆኑ ግን «የሚዘል የለም» ለማለት ፈቃድ አይሰጥም።

ታዲያ ዝምታም አይሁን፣ ግዳጅም አይሁን ካልን ምን ቀረ? የዚያች ሌሊት ንጋት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ፈረቃው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲቀያየር፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ከድንኳኑ ጀርባ በሁለት ጡብ ላይ ጀበና ጥዳ ነበር። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል «ሲስተር፣ ሳትቀምሺ አትሄጂም» አለችኝ። ጤና መኮንኑን ጠራችው። ተርጓሚውን «ና የኔ ልጅ፣ እዚህ ቁጭ በል» ብላ አጠገቧ አስቀመጠችው። ዳቦ ቆርሳ በእጁ ሰጠችው። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችም፤ ሌሊቱን ሙሉ ባልዲ ስትደፋ ነበረች፣ ታውቃለች። አቦሉን ጠጣን። ጤና መኮንኑ በራሱ ጊዜ «አጥንት ውስጥ የሚገባው መርፌ ቢኖር ኖሮ…» ብሎ ጀመረ። ሌላዋ ነርስ «ካርቶኑ ተልኳል ተብሎ ነበር፣ ዛሬ እጠይቃለሁ» አለች። ልጁ ምንም አልተናገረም። ቶናው ላይ እንባው መጣ። ሴትዮዋ እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ ወሬዋን ቀጠለች።

ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ያን ጊዜ ቡና መስሎኝ ነበር። ዓመት ቆይቼ መመሪያዎቹን ሳነብ፣ ሊሠራ የሚገባው ከሞላ ጎደል እዚያ ተሠርቶ አገኘሁት። የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ሦስት ነገር ይላል፤ እይ፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። የራበውን፣ የበረደውን፣ ብቻውን የቀረውን እይ። ሊናገር የፈለገውን አዳምጥ፣ ያልፈለገውን አታውጣጣ። ከሚረዳውና ከዘመዱ ጋር አገናኝ። ኤድንበራ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያዘጋጁትና ስቶፕ ፋይቭ ያሉት ልማድ ደግሞ ከከባድ ታካሚ በኋላ አምስት ደቂቃ ቆመው የሚነጋገሩት ነው። የሚጠይቀው ስለ ሥራው ነው፤ ምን ሆነ፣ ምን በደንብ ሄደ፣ ምን ይሻሻል፣ ምኑን ማን ይሥራ። መግባት በፈቃድ ነው። ስሜቱን መናገር የፈለገ ይናገራል፣ ማንም አይቆፍረውም። የጤና መኮንኑ መርፌና የነርሷ ካርቶን ይኸው ናቸው።

ጆናታን ባርትልስ የተባለ የቨርጂኒያ ነርስ ደግሞ ታካሚ ሲሞት ቡድኑ ከአልጋው ዙሪያ ሳይበተን ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ እንዲቆም ያደርግ ጀመር። ለሟቹ፣ ለደከሙትም ሰዎች። ልማዱ በብዙ ሆስፒታል ተዛመተ። እኛ ይህን ከባሕር ማዶ መማር አለብን? ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር፣ ሙስሊሙ ኢና ሊላሂ የሚልበት ቅጽበት ቤታችን አለ፤ ከድንኳኑ ያስወጣነው እኛው ነን፣ የቸኮልን መስሎን።

ለቅሶ ቤታችንንም አስቡት። ለቅሶ የደረሰ ሰው «እንዴት ሞተ? ስታዪው ምን ተሰማሽ?» ብሎ አይጀምርም። ገብቶ ይቀመጣል። ለቀስተኛዋ ልትተርክ ብትፈልግ ትተርካለች፤ ካልፈለገች ዳሱ ውስጥ ስለ ዝናብ ይወራል። ምግቡን እድሩ ያመጣዋል። ሰው በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፣ በዐርባው ይመለሳል፣ በዓመቱ ይመለሳል። ያ ሁሉ ምልልስ ትርፍ ወግ አይደለም። አንድ ቀን ተሰብስቦ ሁሉን ተናግሮ የሚለያይ ለቅሶ ማን አይቷል? በክሊኒኮቻችን የምናደርገው ግን ይህንኑ ነው፤ ሁለት ሰዓት፣ ፍሊፕ ቻርት፣ የተሳታፊ ፊርማ፣ ፎቶ፣ ሪፖርት። ከዚያ ማንም አይመለስም።

ስለዚህ የፈረቃ ኃላፊዎች ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ከከባድ ሌሊት በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ከመበተኑ በፊት የሚቀመጥበት ስፍራና የሚቀመስ ነገር ይኑር። የሚመራው ከከተማ የሚመጣ ሰው ሳይሆን አብሮ ያደረ፣ ሰው የሚያምነው ባልደረባ ይሁን፤ እሱም አስቀድሞ ጥቂት ቀን ይሠልጥን። ማን ጥፋት ሠራ የሚለው ምርመራ እዚያ ወንበር ላይ አይቅረብ፤ ለእሱ ሌላ ቀን፣ ሌላ ክፍል አለው። ወንበሩ አንዴ ፍርድ ቤት ከሆነ ዳግመኛ ማንም አይቀመጥበትም። የተባለው አይጻፍ። የሚጻፈው የጎደለው መርፌ ብቻ ነው። ዝም ያለውን ዝም እንዲል ተዉት፣ ግን ብቻውን አይሂድ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ይደውልለት፤ በሳምንቱ እንደገና፣ በወሩ እንደገና። ቅዠቱ፣ መበርገጉ፣ ቦታውን መሸሹ ከወር በላይ ከቆየ ነገሩ ከቡናና ከጓደኛ አልፏል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ነርስ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄዷ እንደ ወባ ምርመራ የሚታይበትን ቀን መጠበቅ አንችልም፤ ዛሬ እየደበቀችም ቢሆን ትሂድ።

ማን ይቀመጥ የሚለው ላይ ረዘም አድርጌ ልቁም፤ እኛ የሳትነው እዚያ ነው። ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሦስት ባልደረቦች ተገደሉ፤ ማሪያ ሄርናንዴዝ፣ ዮሐንስ ሃለፎም እና ቴድሮስ ገብረማርያም። ቴድሮስ ሹፌር ነበረ። ሞት ሹፌርና አስተባባሪ አይለይም፤ ድንጋጤም እንደዚሁ። የእኛ የስብሰባ ዝርዝር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይለያል። ሐኪምና ነርስ ይጠራል። አምቡላንሱን የነዳው፣ በሩን የጠበቀው ዘበኛ፣ አስከሬን የጠቀለለው፣ ባልዲ የደፋችው፣ ከስደተኛው መካከል ተመርጦ በቀን አበል የሚሠራው በጎ ፈቃደኛ፣ ሁሉም ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ተርጓሚው ከሁሉም ይከፋል። ሐኪሙ «እሷ እንዲህ ሆነባት» ብሎ በሦስተኛ ሰው ይጽፋል። ተርጓሚው «ደፈሩኝ»፣ «ልጄን ገደሉት» የሚለውን በራሱ አፍ፣ በ«እኔ» ነው የሚያወጣው። በቀን አሥር ሰው ከሆነ አሥር ጊዜ ሌላ ሰው ይሆናል። «የኔን ነው ወይስ የእሷን?» ያለው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ቀልድም መስሎኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን በቡና የማይሸፈን ነገር አለ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአገራችን የጤና ባለሙያዎች ሥራ አቁመው ስለ ደመወዝ ሲጮኹ «ስለ ገንዘብ ብቻ ነው» ያሉ ነበሩ። ገንዘቡ እንቅልፍ ነው፣ የልጅ ወተት ነው፣ ዕረፍት መውሰድ መቻል ነው። ወር ሙሉ ያልተከፈለውን ሰው ክብ አስቀምጦ «ምን ይሰማሃል?» ማለት ስድብ ነው። በተከታታይ አምስት ሌሊት ያደረን ሰው ማወያየት አያሻም፤ ስድስተኛውን አታሳድሩት። መንገድ ላይ የሚጠለፍ አምቡላንስ ነጂን ስለ ውጥረት ከማስተማር መንገዱን ማስከበር ይቀድማል። አለቃ ሆይ፣ ዲብሪፊንግ አድርገናል ብለህ ሪፖርት ላይ ስትጽፍ የትኛውን ዕዳ እየሸፈንክበት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ለምን አሁን? ምክንያቱም መጪው ከባድ ሌሊት ሩቅ አይደለም። የሱዳኑ ጦርነት ዓመታት አስቆጥሯል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ኮሌራው ይመለሳል፣ የእኛም ተኩስ አልበረደም። የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በጥር 2017 ዓ.ም. ከቆመ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ድርጅት መቀነሻ ይፈልጋል። ገንዘብ ሲያጥር ሪንገር ይገዛል፣ የሥነ ልቦና አማካሪዋ ትሄዳለች። አይፈረድም፤ ሪንገሩ ይቅደም። ጀበናና አንድ ረዘም ያለ አግዳሚ ወንበር ግን ለጋሽ አያስፈልጋቸውም። ስልክ መደወልም አያስፈልገውም።

እኛ አልደወልንም። ልጁ በማግስቱ ሲቀር «ሌላ ሥራ አግኝቶ ይሆናል» ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ ተርጓሚ መጣ። ከወራት በኋላ ትዝ ብሎኝ ቁጥሩን ፍለጋ የዚያን ሳምንት የዱቲ ዝርዝር አወጣሁ። የነርሶቹ ስም አለ፣ የጤና መኮንኑ አለ፣ ፈረቃና ፊርማ አለ። በግርጌው በእስክሪብቶ «1 አስተርጓሚ» ተብሎ ተጽፏል።